ከእሱ እንዳልረዝም

ኮምቦልቻ ያለው ሐኪም የጀርባዬን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳው። ፊልሙ በእጁ ላይ እየተንኮሻኮሸ፣ "እትዬ፣ ይህ የዛሬ ጉዳት አይደለም። መጉበጥ የጀመሩት ልጅ ሳሉ ነው?" አለኝ። አዎ አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም። እናንተ ግን ስሙኝ።

ደሴ ስናድግ ከሰፈራችን ልጆች ሁሉ ረጅሟ እኔ ነበርኩ። የምወደው ልጅ አጭር ባይሆን ኖሮ ቁመቴ ይህን ያህል ባላስጨነቀኝ። ልጁ የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ እዚያው ደሴ ፒያሳ፣ አጎቱ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። የአዲስ አቡጀዲ ሽታ እስከ መንገዱ ይመጣል። ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ ጉም የወረደ ቀን፣ ሱቁን ለአጎቱ ትቶ ጥቂት ይሸኘኛል። እኔም ትከሻዬን ሰብስቤ፣ አንገቴን ቀብሬ ከጎኑ እሄዳለሁ። እሱ ስለ ቁመቴ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

በእኛ ዘንድ ከሽማግሌ በፊት የልጁ እናት ከሴት ዘመዶቻቸው ጋር መጥተው ልጅቷን ያያሉ። እኔን ሊያዩ በሚመጡበት ዕለት ጠዋት ከኩታበር የመጣችው አክስቴ ሻሼን እያሰረችልኝ፣ "ከልጁ መብለጥሽን እናቱ እንዳያዩ። ጎንበስ በይ ልጄ፤ ወላሂ፣ ወንድ ቁልቁል የምታየውን ሚስት አይወድም" አለችኝ።

እሺ ብዬ ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ሳስታጥብም ሆነ ባዶውን ትሪ ይዤ ወደ ጓዳ ስመለስ ቀና አላልኩም። አክስቴ ከመጋረጃው ጀርባ በደስታ "ማሻአላህ" ትላለች። እናቱ ጀርባዬን ትኩር ብለው ሲያዩ ሥርዓቴን የወደዱልኝ መሰለኝ። ሲወጡ "አላህ አፊያውን ይስጥሽ" አሉኝ። ለጤነኛም ይባላልና አሜን አልኩ።

ሽማግሌ ሳይመጣ ቀረ። በጎረቤት በኩል የደረሰን ወሬ፣ ልጅቷ የአከርካሪ ሕመምተኛ ናት፣ አርግዛ መሸከም አትችልም የሚል ነበር። አባቴ ሄዶ ሊያስረዳ ሲነሳ እናቴ፣ "ልጄን እንደ በግ ዳሱልኝ ልትል ነው?" ብላ ከበር መለሰችው። ልጁም ከእናቱ ቃል አልወጣ ብሎ፣ የአጎቱን ሱቅ ትቶ ኮምቦልቻ ገብቶ ቀረ። ብዙ አለቀስኩ።

አጥንት በልጅነቱ የለመደውን አቋም ይዞ ይቀራል ይላል ሐኪሙ። እውነቱን ነው። አፍሬ እንደ ተሰበሰብኩ ኖርኩና፣ ናት የተባልኩትን ሴት ቀስ በቀስ ሆንኩ። ሌላ ጠያቂም አልመጣ። ወላጆቼ ካለፉ ወዲህ ቤቱን የምከፍተውም የምዘጋውም እኔው ነኝ። ብቸኝነቱ ከወገቤ ይብሳል።

ከሐኪሙ ወጥቼ መናኸሪያ፣ የደሴው መኪና እስኪሞላ ተቀምጬ ሳለሁ ያንን ልጅ በመስኮት አየሁት። ሸብቷል። ሚስቱ አብራው ነበረች። ፌስታሏን ይዞላት፣ ወደ ላይ አንጋጦ የሆነ ነገር ይነግራታል፤ እሷ ቀጥ ብላ እየተራመደች ትስቃለች። ትከሻዋ ላይ ቢደርስ ነው። በሕዝቡ መሃል እስኪጠፉ ድረስ ልብ ብዬ አየኋት።

ከእኔም ትረዝማለች።