በከተራ ዕለት የጠቆረው ስክሪን

ይህ የሆነው በአንድ የከተራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። በሥራዬ ምክንያት አልበራ ያለ ስክሪን ሁልጊዜ ያጋጥመኛል፤ ሠርቼው እረሳዋለሁ። የዚያን ዕለቱ ግን ከተሠራም በኋላ ከልቤ አልወጣም።

ጎንደር ቀሐ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ሥራ የምሠራባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ያኔ የሞባይል ኢንተርኔት አይሠራም ነበር። የኔ ሱቅ የመስመር ኢንተርኔት ስላላት፣ አረብ አገር ልጅ ያለው ዘመድ ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። አክስቴ እትየ ዝናሽም ከድብ ባሕር የመጣችው ለዚሁ ነበር። ልጇ የሺ አረብ አገር በሰው ቤት ትሠራለች። ድምፅዋን ብቻ ስንሰማ ከርመን፣ አሠሪዋ በዚያ ከሰዓት በቪዲዮ እንድትደውል ፈቀደችላት። «የእምየን ፊት ልይ» ብላ ለምና ነው ያገኘችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የየሺ አባት አያ ሙላት በክረምቱ አርፏል። ለየሺ አልነገርናትም። በባዕድ አገር፣ በሰው ኩሽና ቆማ መርዶ ብትሰማ ማን ደግፎ ይይዛታል? አገሯ ስትገባ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ ልናረዳት ተስማማን። እስከዚያ አፋችንን ዘጋን።

ችግሩ አክስቴ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ የለበሰችውም ጥቁር ነው። ባለቤቴ የራሷን ነጭ ነጠላ ከራሷ እስከ ጉልበቷ አከናነበቻት። የሺ ስለ አባቷ ከጠየቀችም «ታቦት ሊያጅብ ወርዷል» እንድትል ተመካከርን። ለካ ከተራ ለውሸትም ይመቻል።

ኮምፒውተሩን አበራሁት። መብራቱ በራ፣ ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ። አጥፍቼ አበራሁ፤ ያው ነው። ክዳኑን ከፍቼ ራም የሚባለውን ስስ ካርድ አወጣሁና በላጲስ አሽቼ መለስኩት። እኛ ሙያተኞች ነን ባዮች ነገሩ ግራ ሲገባን ራም በላጲስ እናሻለን፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። አሁን አልሠራም። ትንሽ ቆይቶ ግን የመክፈቻው ዜማ ተሰማ። ማሽኑ ደህና ነው ማለት ነው፤ የሚታይ ነገር ብቻ የለም።

«ምነው ልጄ፣ ሞተ እንዴ?» አለች አክስቴ።

«አልሞተም እትየ፣ ዓይኑ ነው እምቢ ያለው።»

ሌላ ስክሪን ከጎረቤት ልዋስ ብዬ በሩን ስገፋው አልከፈት አለ። ታቦታቱ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ እየወረዱ ነው፤ ሕዝቡ በሬ ላይ ተደግፏል። ቢከፈትስ? ታቦት ሲያልፍ ማን መንገድ ያቋርጣል? ጓደኛዬን ልጠይቅ ስልክ ሞከርኩ፤ ኔትወርኩም እንደ መንገዱ ተጨናንቋል። ውጭ እልልታ ነው፤ እኔን ግን የሱቋ ግድግዳ ተጠግቶ የሚያፍነኝ መሰለኝ።

በዚህ መሐል የጥሪው ድምፅ መጣ። የሺ እየደወለች ነው፤ የት ላይ እንደምጫን ግን አይታየኝም።

«አንሣው እንጂ፣ ልትዘጋው ነው» ብላ አክስቴ ክንዴን ጨመደደችው።

የቁልፍ ሰሌዳውን በደመ ነፍስ ነካካሁ። ጥሪው ቆመ። ጠፋ ብዬ ስደነግጥ «እምየ?» የሚል ድምፅ ወጣ።

አክስቴ ወደ ጥቁሩ ስክሪን ተጠጋች። «አቤት የኔ ሆድ፣ እንዴት ሰንብተሻል? ፊትሽ አልታይ አለኝ እኮ።» እኔ ባትሪ ይዤ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

«አባየስ?» አለች የሺ።

«ታቦት ሊያጅብ ወርዷል። ሸጋ ነው፣ ምንም አልሆነ።»

ጠዋት መንገዱን ሲያስጌጡ የነበሩት የሰፈራችን ወጣቶች ለድምፅ ማጉያቸው ከሱቄ መብራት ሲስቡ ማሽኑን አንቀሳቅሰውት ነበር። ሲሄዱ ሁሉንም ገመድ መልሰው ሰክተዋል፣ ይባረኩ። የስክሪኑን ገመድ ግን በግራፊክስ ካርዱ ፈንታ፣ ሥዕል በማይወጣበት በሌላው ቀዳዳ ነው የሰኩት። ሁለቱ ቀዳዳዎች ቁርጥ መንትያ ናቸው። አገኘሁት ብዬ ብሎኑን መፍታት ጀመርኩ።

አክስቴ ሙቀቱ አስጨንቋት ኖሮ ነጠላውን አወረደችው። ጫፉ ፊቴ ላይ ሲወድቅ ነው ያወቅሁት። እሷ ልጇን ስላላየች፣ ልጇም የምታያት አልመሰላትም። እኔም በዚያች ሰዓት ስክሪኑ አናት ላይ ያለው ካሜራ ትዝ አላለኝም።

የሺ በቀስታ፣ «እምየ፣ ነጠላሽን ደርቢ። ራስሽን ብርድ እንዳይመታሽ» አለች።

«እሺ የኔ ሆድ» አለች አክስቴ፤ ሳታስበው አንሥታ ተከናነበች።

ያኔ ነው የገባኝ። የጠፋው የኛ ስክሪን እንጂ ካሜራው ሲሠራ ነበር። የተላጨውን ራስም ጥቁሩን ቀሚስም አይታለች። ከጠረጴዛው ሥር መውጣትም መቅረትም አቃተኝ። ገመዱን በቦታው ሰካሁት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ስክሪኑ በራ። ብቅ ብዬ ሳይ የሺ ኩሽና ውስጥ ቆማለች። በአንድ እጇ አፏን አፍናለች፤ ፊቷ በእንባ ርሷል፤ ድምፅ ግን የላትም።

«ምነው ልጄ፣ ታለቅሻለሽ?»

«ናፍቀሽኝ ነው እምየ።» እጇን አውርዳ ለመሣቅ ሞከረች። «አባየን ሳሚልኝ።»

«እስምልሻለሁ» አለች አክስቴ።

የሺ በእናቷ ትከሻ በኩል አሻግራ እኔን አየችኝና ራሷን በትንሹ ነቀነቀች። አትንገራት ማለቷ እንደሆነ ገባኝ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ በኔ ጫንቃ ላይ ግን እያደር ከበደ። አክስቴ በደወለች ቁጥር «ልጅቱ እንዳትሰማ፣ አደራ» ትለኛለች። የሺ ደግሞ «እምየ ማወቄን እንዳታውቅ፣ አደራ» ትለኛለች። በሁለት አደራ መሐል፣ በሩ አልከፈት እንዳለኝ አለሁ።

የሺ ኮንትራቷን ጨርሳ ልትመጣ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከዘመድ ጋር በሯ ላይ ቆመን እናረዳታለን። ያን ዕለት በእጇ ያፈነችውን ልቅሶ ያኔ ታወጣዋለች፤ አክስቴም ልጄ ገና አሁን ሰማች ትላለች። እኔም አብሬ አልቅሼ፣ ከዚያች ሱቅ ያኔ የምወጣ ይመስለኛል።