የሚሊሜትር ዓይን

ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው ቀጥ አድርጎ ያቆመውና ከወገቡ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሦስት ጊዜ ለክቶ፣ «ሁለት ሚሊሜትር ወደ ግራ ታዘነብላለህ» ይለዋል። ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ይዞራል። እኔም ከካውያዬ ጀርባ ሆኜ «እውነቱን ነው፣ እኔም እያየሁህ ነበር» እለዋለሁ። እንዲህ እየተቀባበልን በአንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርተናል፤ እሱ ልብስ ሰፊ፣ እኔ ተኳሽ። ተኳሽ ስል የጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፣ የካውያ ነው።

የእሱ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ነው፣ የእኔ ጠረጴዛ ደግሞ ከውስጠኛው ግድግዳ ጋር። መሃላችን ላይ ልብስ የሚሰቀልበት ብረት አለ። እሱ ሰፍቶ ይሰቅላል፣ እኔ አውርጄ እተኩሳለሁ፣ ከዚያ ደንበኛው ይወስዳል። አንድም ልብስ በእኔ እጅ ሳያልፍ ከበሩ አይወጣም። ይህን ቀድሜ የምነግራችሁ ወድጄ አይደለም፤ በሚሊሜትር ላይ በደረሰው ነገር ውስጥ የእኔም እጅ ስላለበት ነው።

ነገሩ የጀመረው በጥም ነው። ጠዋት የሞላሁት ማሰሮ ገና ረፋዱ ላይ ባዶ ይሆናል። ውሃው ጥሙን አልቆርጥለት ሲል ከጎረቤት ሱቅ ለስላሳ መጠጥ ማስመጣት ጀመረ፤ በቀን ሁለት፣ በኋላ አራት ጠርሙስ። የጠጣው ደግሞ ያስኬደዋል። መጸዳጃ ቤቱ ከሕንጻው ጀርባ ነው፣ ቁልፉ አንድ ነው፣ ሌሎቹ ባለሱቆችም ይፈልጉታል። አንድ ቀን ሦስት ሰው በራችን ላይ ቆሞ ቁልፍ ሲጠብቅ «ጋሼ፣ ቁልፉን ኪስህ ላይ ስፋውና ይለይልን» አልኩት። ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን።

ከዚያ ሱሪው ሰፋው። ልብስ ሰፊ ሱሪ ሲሰፋው ምን ያደርጋል? ያጠብበዋል። ቡናማ ሱሪውን በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ወገቡን አጠበበው፣ አራቴም እኔ ተኮስኩት። የኋላ ኪሶቹ ሳይቀራረቡ፣ ቀበቶ ማስገቢያው ሳይዛነፍ እንዴት አድርጎ እንዳጠበበው እያየሁ «እጁ አይጣልም» እል ነበር። አንድን ሱሪ አራት ጊዜ ያጠበበ ሰው እየመነመነ መሆኑን ሁለታችንም አላሰብነውም። ሁለታችንም ያየነው ስፌቱን ነበር።

በመጨረሻ ዓይኑ መጣ። መነጽር ገዛ። መነጽሩ ለሁለት ሳምንት ሠራለትና እምቢ አለ። ሌላ ገዛ፣ እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ሲያወልቅ «የዘንድሮ መነጽር ምኑም አይረባም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው። ክር በመርፌ ማስገባት ሲያቅተው ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መስኮቱ ይዞራል፣ ትከሻው ይወጠራል። ስለዚህ እኔ ጠዋት ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ አምስት መርፌ በጥቁር፣ አምስት በነጭ ክር እያዘጋጀሁ መርፌ መሰኪያው ላይ እሰካለት ጀመር። እሱም ማን ሰካው አይልም፣ እኔም እኔ ነኝ አልልም።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ልንዘጋ ስንል፣ መኪናውን እየሸፈነ «እህቴ፣ ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት» አለኝ። «ልታወር ነው መሰለኝ።»

«እርጅና ነው ጋሼ። ለሁሉም ይመጣል» አልኩት።

«ዓይኔ ከሄደ እኔ ምን እሆናለሁ? ከዚህ ወንበር ሌላ የማውቀው ነገር አለ?»

ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ያን ቀን ግን ክፉ መልስ ሰጠሁት። እርጅና ነው ያልኩት ስለማውቅ አልነበረም፤ ዝም እንዲልልኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን የአንድ ርእሰ መምህር ኮት ብረቱ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የደረት ኪሱ ተጣሟል። ሚሊሜትር እጅ ላይ ኪስ ሲጣመም አይቼ አላውቅም። ልጠራው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሱፍ ታዛዥ ጨርቅ ነው፤ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጌበት፣ በእንፋሎት አለስልሼ፣ ከላይ ሳብ ከታች ረገብ እያደረግኩ ተኮስኩት። ኪሱ ቀጥ አለ። እስኪታጠብ ድረስ ማንም አይነቃበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ብዬ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሠራሁት። የተጣመመ ዘምዘማ፣ አንዱ ከአንዱ የሚረዝም እጅጌ፣ የዞረ ኮሌታ፣ ሁሉንም በካውያ እያቃናሁ ከበሩ አስወጣሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ደግ ሥራ የሠራሁ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህ ያወጣችን አንዲት ነርስ ናት። ነጭ ጋወን ልታሰፋ መጣች። ወገቧን ለክቶ «ስልሳ ስምንት» አለና ሊጽፍ ሲል ሜትሩን ከእጁ ላይ አየችው። ሰባ ስምንት ይላል። ሳይጨርስ ቁልፉን አንሥቶ ወጣ፣ ተመልሶ ውሃ ጠጣ፣ ትከሻዋን ለክቶ እንደገና ወጣ። ሲመለስ ሙያዋ መጣባት።

«ጋሼ፣ ውሃ ሁልጊዜ እንዲህ ይጠማዎታል?»

«ሙቀቱ ነው ልጄ።»

«ሽንትስ? ማታ ስንት ጊዜ ይነሣሉ?»

ፊቱ ቀላ። ሰው ወገቡን እንጂ ሽንቱን ሲለካበት አያውቅም። እኔ ጣልቃ ገብቼ ጥሙንም፣ መነጽሮቹንም፣ አራት ጊዜ የጠበበውንም ሱሪ ዘረዘርኩላት። እሷ ስትሰማኝ ፊቷ እየተለወጠ ሄደ። «ነገ ጠዋት፣ ምንም ሳይቀምሱ፣ እኔ ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ ይምጡ» አለችው። እሺ አላት። እሺታው የእምቢታ እሺ እንደሆነ ስለማውቅ «ነገ ካልሄድክ ካውያዬን ነቅዬ ቤቴ እገባለሁ» አልኩት። አብሬው ሄድኩ።

ጣቱን በትንሿ መርፌ ስትወጋው «መርፌውን አዘንብለሽዋል፣ ቀጥ አድርጊው» ብሎ አረማት። ጣትን በመወጋት ማን ይቀድመዋል። መሣሪያዋ ሦስት መቶ አርባ አለች። ላቦራቶሪ ወስደው ደሙን ደገሙት፣ ያው ሆነ። ሐኪሙ ቁርስ ሳይበላ ከመቶ ሃያ ስድስት በላይ የሚያሳይ ሰው ስኳር አለበት እንደሚባል ነገረን።

«እኔ ስኳር አልበላም» አለ ሚሊሜትር። «ለስላሳ ብቻ ነው የምጠጣው።»

ሐኪሙ ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ።

ሐኪሙ ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። ቆሽት የሚባለው አካል ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ፣ ኢንሱሊኑ ከምግብ የተገኘውን ስኳር ከደም ወደ ሰውነት እንደሚያስገባ፣ የጋሼ ሰውነት ግን አልታዘዝ እንዳለው አስረዳ። ስኳሩ ደም ውስጥ ይቀራል። ኩላሊት ትርፉን በሽንት ሲያስወጣ ውሃውንም ይዞ ይሄዳል፣ ጥሙ ከዚያ ነው። ሰውነት ደግሞ ስኳሩን መጠቀም ሲያቅተው የራሱን ሥጋ ይበላል፣ ሱሪው የሰፋው ለዚህ ነው። የጋሼ እናትም ስኳር እንደነበረባት ሲሰማ ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ፤ በዘር እንደሚመጣ፣ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ መዋልም እንደሚያባብሰው ተናገረ። ጋሼ ይህን ሁሉ የሚሰማ መስሎ ተቀምጦ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ዓይኔስ?»

«ስኳር ሲበዛ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ውሃ ይስብና ቅርጹ ይለወጣል። መነጽሮቹ አልሠራ ያሉት ስኳርዎ በየሳምንቱ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ነው። ሲስተካከል ብዥታው በአብዛኛው ይለቃል። ግን ይስሙኝ፣ መድኃኒቱን ሲጀምሩ ሌንሱ ወደ ቦታው እስኪመለስ ለጥቂት ሳምንታት የባሰ ሊደበዝዝብዎት ይችላል። አይደንግጡ፣ አያቁሙ፣ አዲስ መነጽርም አይግዙ።»

እኔ ሰማሁት። ጋሼ የሰማው «ይለቃል» የምትለዋን ብቻ ነው። ከምግብ ጋር የሚዋጥ ነጭ ኪኒን ተሰጠው፣ ለስላሳው ተከለከለ፣ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እንዲራመድና እግሩ ላይ ቁስል እንዳይኖር እንዲያይ ተነገረው። ሲወጣ የዳነ ሰው ይመስል ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጥሙ ቀነሰ፣ የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍም ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ መዋል ጀመረ። ዓይኑ ግን ባሰ። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ በዳበሳ ሲፈልግ አየሁት። በማግስቱ ለአንድ ሸሚዝ የጎደለ ቁልፍ ልተክል የቁልፎቹን ጣሳ ከፈትኩ። አንዷን ነጭ አንሥቼ ቀዳዳዋን ብፈልግ የላትም። ሌላዋም የላትም። ኪኒን ናቸው። አሥራ አንድ ኪኒን ከሸሚዝ ቁልፎች ጋር ተደባልቀው ተቀምጠዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መድኃኒቱ ነው ያሳወረኝ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ሳልጀምረው ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ መቀሴን አይ ነበር።»

«ሐኪሙ ይብሳል፣ አታቁም አላለህም? አጠገብህ ተቀምጬ ሰምቻለሁ።»

«እንዲህ አላለም።»

«ብሏል። ያልሰማኸው አንተ ነህ።»

ያን ቀን «ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት» ያለኝን ጣስኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ሄጄ ለባለቤቱ ከጥሙ እስከ ጣሳው ድረስ ሁሉንም ነገርኳት። ቁጭ ብላ ሰማችኝና «ደክሞኛል፣ አርጅቻለሁ ሲለኝ ዝም አልኩት» አለች። ከማግስቱ ጀምሮ ኪኒኑን ከቁርሱ ጋር በእጇ ትሰጠዋለች፣ እስኪውጥ ከፊቱ አትነሣም፤ ወደ ሱቁም በእግሩ አብራው እየመጣች ትመለሳለች።

ስድስት ሳምንት ሲሞላ ዓይኑ ጠራ። አንድ ጠዋት ስገባ መርፌ መሰኪያው ላይ አሥር መርፌ ክር ገብቶባቸው ተሰክተው አገኘሁ። ዞር ብዬ እንባዬን ጠረግኩ፣ እሱ እንዳላየ ሆነ።

የዓይን ሐኪም ዘንድ ግን መሄዱ አልቀረም። ጠብታ አድርገው የዓይኑን የኋላ ክፍል አዩት። የቀኙ ደህና ነው። በግራው ስኳሩ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ጎድቶ ነበር፣ መሃሉም አብጧል። ዓይኑን መርፌ ተወጋ፣ እብጠቱ ቀነሰ፣ ከመሃል ግን ትንሽ ጭጋግ ቀረች። ከዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ ይህች ጭጋግ ባልኖረች ነበር አሉት። ስኳሩን ከተቆጣጠረ ከዚህ እንዳይብስ መከላከል ይቻላል፣ ያለፈው ግን አይመለስም።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ርእሰ መምህሩ የሱሪ ጉዳይ ይዞ መጣ። ያንኑ ኮት ለብሶታል፣ ታጥቧል። ሚሊሜትር ከመኪናው ቀና አለና ዓይኑ ደረቱ ላይ ተተከለ።

«ይሄን ኪስ ማን ነው የሰፋው?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። «ጋሼ፣ ምንም አይልም፣ ለእኔ ተስማምቶኛል» አለ።

«የኔ ስፌት ነው። እንዲህ ሆኖ ከዚህ ቤት እንዴት ወጣ?» ጥያቄው ለመምህሩ አልነበረም።

ካውያዬን ነቀልኩ። «እኔ ነኝ» አልኩት። «በእንፋሎት አቅንቼው ነው።»

«ይሄን ብቻ?»

«ሠላሳ ይሆናል። ሊበልጥም ይችላል።»

መምህሩ ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ አኖረና ቀስ ብሎ ወጣ። ሚሊሜትር ኮቱን አንሥቶ ቀኝ ዓይኑን በእጁ ከደነና በግራው ብቻ አየው።

«አንድ ሰው ይሄን ኮት ፊቴ ላይ ወርውሮብኝ ቢሆን ኖሮ፣ የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት እሄድ ነበር» አለ።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። አዝኜልህ ነው ልለው ፈለግኩ፣ ግን ያዘንኩት ለእሱ ይሁን ለራሴ ያኔ ለመለየት አልቻልኩም፤ ዛሬም አልችልም። ሦስት ቀን ከሥራ ውጭ አላናገረኝም። እኔም ካውያዬን ይዤ ልሂድ ወይስ ልቆይ እያልኩ ሦስቱንም ሌሊት ሳልተኛ አነጋሁ።

በአራተኛው ቀን አንድ አዲስ ጃኬት ሰፍቶ ጨረሰ። ብረቱ ላይ አልሰቀለውም። ራሱ ይዞት መጣና ያልተተኮሰውን ጃኬት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ፣ ዓይኔን እያየ።

ኮሌታውን በጣቴ ተከተልኩት። ቀኙ ደህና ነው። ግራው ላይ፣ ጫፉ አጠገብ፣ የክር ውፍረት ያህል ከመስመሩ ወጥቷል። ካውያው ግሏል፣ እርጥቡ ጨርቅም አጠገቤ አለ፤ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅብኝም።

«ጠማማ ነው ጋሼ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ምላጩን ከጠረጴዛዬ ጫፍ አንሥቶ፣ እዚያው ቆሞ፣ ኮሌታውን መተርተር ጀመረ።