እርምጃ ማለት

አክስቴ እልኸኛ ነበረች። ግልፍተኝነቴን ከእሷ እንደወረስኩ ይነግሩኛል፤ ውሸት ነው። እኔ ስቆጣ እጮሃለሁ። እሷ ስትቆጣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ትጠይቃለች፤ ለሚጠየቀው ወዮለት!

ነገሩ ታች ጋይንት፣ በደርግ ጊዜ ነው። ባሏ ከገበሬ ማህበሩ መሬት ደልዳዮች አንዱ ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖር አንድ ጎረቤታችን በድልድሉ የገብስ ማሳዬ ተቆረሰብኝ ብሎ ቂም ያዘና ከእርሻ ሲመለስ ጠብቆ በዱላ ገደለው። በማግስቱ ተያዘ። እኔን ያሳደገኝ ሟቹ ነው፤ ሌላ አባት አላውቅም። ገዳዩን በጥርሴ ብዘለዝለው በወደድኩ።

አርባው እንደወጣ ካድሬው ሕዝቡን አርብ ገበያ ሜዳ ላይ ሰበሰበ። ገዳዩ የፊጥኝ ታስሮ ፊታችን ተቀምጧል።

«በዚህ ፀረ አብዮተኛ ላይ አብዮታዊ እርምጃ እንዲወሰድ የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ!»

የሕዝቡ እጅ እንደ ጉድ ወጣ። እኔማ ሁለቱንም አወጣሁ። ይሄኔ አክስቴ ከል እንደለበሰች ተነሳች።

«ልጄ፣ እርምጃ ማለት ምንድን ነው?»

«እናቴ፣ በሰፊው ሕዝብ ጠላቶች ላይ የሚወሰድ...»

«እሱን ሰማሁት። በአማርኛ ንገረኝ።»

አንዳንዱ ሳቀ። ካድሬውን ላብ ላብ አለው። «ይገደል ማለት ነው» አለ።

«እንግዲያው ይገደል በልና ጠይቃቸው።»

ምን ያድርግ፣ ጠየቀ። «ይገደል የምትሉ!» ያ ሁሉ እጅ የት እንደገባ እንጃ። አንዱ አንገቱን ደፋ፣ ሌላው ጋቢውን ያስተካክል ጀመር። የእኔና የጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ አየር ላይ ቀረ።

አክስቴ ወደ ሕዝቡ ዞረች። «ባሌን የገደለው አንድ ሰው ነው። እናንተ ሁላችሁ ገዳይ ከሆናችሁ ነገ ከማን ጋር ልኖር ነው? እኔ የሟች ሚስት ነኝ፤ በባሌ ስም ሰው አይገደልም። ይታሰር!»

የካድሬው ደም ሥር ተገታተረ። «ለነፍሰ ገዳይ ጥብቅና ቆሙ? ይህ እርስዎንም ያስጠይቃል!»

«ጠይቀኛ። እዚሁ ነኝ።»

በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሄዶ የቀረ ሰው አለ። ካድሬው ሕዝቡን አየ፤ የሚደግፈው አጣ። ገዳዩን ወደ አውራጃው እስር ቤት ላከው። ዛሬም ያቺን ሴት ባሰብኩ ቁጥር እኮራባታለሁ።

የዚያን ቀን ግን ቤት እንደገባን ጮህኩባት። «ደሙ የውሻ ደም ሆኖ ቀረ!»

«ቢገደል ባሌ ይነሳልሽ ነበር?»

«አይነሳም፤ ግን ያርፋል!»

«እሱ አርፏል። የምታርፊው አንቺ ነሽ፤ ያውም ለሁለት ቀን።»

ሰውየው ደርግ ሊወድቅ ሲል ተፈታ። በአገሩ ወግ ሽማግሌና ቄስ አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጃችን ተንበረከከ። ይቅር ሲባል ድንጋዩ ይወርድለታል፣ አብሮ ይበላል። እንደምትታረቀው ማናችንም አልተጠራጠርንም፤ ነፍሱን ያተረፈች እሷ አይደለችም?

«ድንጋዩን አውርደው፣ ይከብድሃል» አለችው። «ይቅር ግን አላልኩህም።»

ቄሱ ደነገጡ። «ኧረ ስለ ክርስቶስ ብለሽ!»

«አባቴ፣ እየታገልኩ ነው፤ እስካሁን አልሆነልኝም። እርስዎ ፊት ልዋሽ?»

ሰውየው አለቀሰ። «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አተረፉኝ፣ እትዬ?»

«ወድጄህ መሰለህ? ስምህ ሲጠራ እንኳ ያመኛል። ብጠላህም አትገደልም፤ በቃ።»

በስማዳ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ይሰማል። አክስቴ ቀና ብላ አየችና እጁን ይዛ አስነሳችው።

«በል ቶሎ ሂድ። ወንዙ ሳይሞላ ተሻገር።»

እኔ ብሆን፣ እውነቱን ልናገር፣ ወንዙ ቢወስደው ግድ አልነበረኝም።