በፊት ለፊቱ በር

ልጅ ሳለሁ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ስቲማ በጠፋ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ሲራገም እኔና ወንድሜ ናቲ እልል ነበር የምንለው፤ መብራት ጠፋ ማለት እትዬ አስካለ ክፍል ሄደን ተረት እንሰማለን ማለት ነበርና። እትዬ አስካለ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለሱቆች መጋረጃ እየሰፉ የሚያድሩ ሴት ነበሩ። ፋኖሱን የስፌት መኪናቸው ላይ ያስቀምጡታል፤ የከሰል ምድጃው ፍም ገና አልከሰመም፤ ጭሱ ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ከታች መንገዱ ላይ የማታቱው፣ የሚኒባሱ ጡሩምባ አንድ ጊዜ አያርፍም። እኛ ግን ያኔ ናይሮቢ አልነበርንም። አዲስ አበባ፣ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቆመን ነበር።

የጅብና የጦጣ ተረት አይወዱም። «እናንተ ጅብ የት አይታችሁ!» ይሉና ያችኑ የልብስ አጣቢዋን ተረት ይጀምሩታል። አንዲት ልብስ አጣቢ ነበረች። ትንሽ ልጇን አስከትላ ወደ ቤተ መንግሥቱ በጓሮ በር ትገባለች፣ በጓሮ በር ትወጣለች፤ የፊት ለፊቱ ደረጃ ለእሷ ቢጤ አልተሠራም። አንድ ቀን የደረቀውን ነጭ ልብስ ከገመድ ሰብስባ ተሸክማ ስትሄድ ዶፍ ወረደባት። ልብሱ እንዳይበሰብስ ብላ በፊት ለፊቱ ደረጃ ሮጣ ወጣችና በሩ ሥር ተጠለለች። በር ጠባቂው «አንቺ ደፋር!» ብሎ ገፈተራት። ልብሱም እሷም ጭቃ ላይ ወደቁ፤ በዚያው ዕለትም ከሥራዋ ተባረረች።

«ልጅቷስ?» እንላለን።

«ልጅቷማ ቆማ አየች።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አለቀ። በሉ ሂዱ፣ እናታችሁ ትቆጣለች።»

ናቲ ደረጃውን እየወረደ ይነጫነጫል። «ተረት እንዲህ አያልቅም! ንጉሡ መጥቶ ሰውየውን መቅጣት አለበት!» እኔም በልቤ ልክ ነው እላለሁ። ልብስ አጣቢዋ የእትዬ አስካለ እናት፣ ቆማ ያየችውም ልጅ ራሳቸው እንደ ነበሩ ካደግሁ በኋላ እናቴ ነገረችኝ። ስንቴ «ከዚያስ?» ብለናቸው ነበር!

ያ ቤተ መንግሥት ዛሬ የከተማው የታሪክ ሙዚየም ሆኗል፤ ትኬት የቆረጠ ሁሉ ይገባበታል አሉ። እትዬ አስካለ ግን አርጅተው ጉልበታቸው ከድቷቸዋል፣ የስደተኛ ወረቀታቸውም ድንበር አያሻግርም። ባለፈው ዓመት ናቲ ለሥራ አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ ጠርተው አንድ ነገር ለመኑት። «ያንን ቤት በስልክህ አሳየኝ። ውስጡን ሳላይ ልሙት እንዴ?»

አንድ እሑድ ከሰዓት ከዚያው በቪዲዮ ደወለ። እኔ አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀምጬ ስልኩን ይዤላቸዋለሁ። ደረጃው ብቅ ሲል እትዬ አስካለ ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። ናቲ እግሩን ሊያነሣ ሲል ግን ጮኹ።

«ተው! ተው አንተ ልጅ! በጓሮ ዙር!»

«እትዬ፣ ሁሉም ሰው በዚህ ነው የሚገባው። ሃኩና ሺዳ፣ ችግር የለም።»

«ጠባቂ የለም?»

«አለ፤ ግባ ያለኝ እሱ ነው።»

ናቲ ከማን ጋር እንደሚያወራ ነገረው መሰለኝ፣ ጠባቂው ፊቱን ወደ ስልኩ አስጠጋ። ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነው። «እማማ፣ ይግቡ እንጂ! ምነው ደጅ ቆሙ?» አለ።

እትዬ አስካለ የአልጋውን ራስጌ ይዘው ተነሡ። ልደግፋቸው ስል እጄን መለሱት። ነጠላቸውን፣ ሰው ትልቅ ሰው ፊት ሲቀርብ እንደሚያደርገው፣ አደገደጉ። ማንም አያያቸውም፤ ክፍሉ ውስጥ ከእኔ በቀር ማን አለ?

«በል አንተ ቅደም» አሉት።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«አይሆንም፣ እንግዳው አንተ ነህ።»

«በሞቴ እትዬ!»

አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ናይሮቢ ሆነው በር ላይ ሲግደረደሩ ጠባቂው ሳቁን ለቀቀው። መጨረሻ ላይ ናቲ ክንዱን ዘርግቶ ስልኩን አስቀደመ። እትዬ አስካለ በፊት ለፊቱ በር ገቡ።

ናቲ የድሮውን ከተማ ፎቶግራፎች፣ ካርታውን፣ በመስታወት የተዘጋባቸውን አልባሳት አንድ በአንድ አሳያቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው ጣሪያውና ግድግዳው ላይ ነበር።

«ዋናውን አዳራሽ አሳየኝ።»

«ዋናው ይሄ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄ? ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት።»

ቁጭ አሉ። «ውይ እናቴን! እኔ እኮ ሰማይ የሚያክል ቤት ነበር የሚመስለኝ። ለዚች ነው ጭቃ ላይ የጣሉብኝ?» ብለው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። እኔም አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ? ናቲ በዚያ በኩል «ፖሌ እትዬ፣ ፖሌ» እያለ ያጽናናቸዋል፤ ሲጨንቀው አማርኛው ይጠፋዋል።

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠራርገው ስልኩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «በል ናቲዬ፣ አሁን ውጣና ደረጃው ላይ ተቀመጥ።»

«ለምን?»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠና ስልኩን ወደ ግቢው አዞረው። ሰው ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ተማሪዎች እየተንጫጩ በአጠገቡ አለፉ። ጠባቂው በሩ ላይ እንደቆመ ነው፤ ማንም ተነሥ አላለውም። ጥቂት ቆይቶ ናቲ ራሱ ልነሣ ወይ ብሎ ጠየቀ።

በፋኖስ ብርሃን ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹን ረስቻለሁ። ያኔ እንዲመጣልን አጥብቀን የምንመኘው ንጉሥም በየትኛውም ቀን አልመጣም። ከእኔ ጋር የቀረው እትዬ አስካለ በዚያ እሑድ፣ ነጠላቸውን እንዳደገደጉ፣ ለወንድሜ የመለሱለት ቃል ነው። «ትንሽ ቆይ ልጄ፣ አትነሣ» አሉት። «እናቴ ትንሽ ትረፍ።»