ልጅ እንቅልፍ ለነሳው ግማሽ ዋጋ

ነገሌ ቦረና ስሄድ የማርፈው አንድ አልቤርጎ ብቻ ነበር። ከባለቤቲቱ ጋር እንዋደዳለን፤ በራቸው ላይ ካስጻፉት ነገር ጋር ግን ለዓመታት ተኳርፌ ኖሬያለሁ። በቀይ ቀለም፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ «ልጅ ይዞ ለመጣ ግማሽ ዋጋ» ይላል። ልጅ ሳይዝ የመጣ ሰው ምን እንዳጠፋ አይናገርም። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመጣው ልጅ ሳልይዝ ነበር።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ባሉት ዓመታት ጨርቅ እነግድ ነበር። ሻሽ፣ ሽርጥና ድርያ ከክብረ መንግሥት በአይሱዙ አስጭኜ፣ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ ቀይ አቧራ እየቃምኩ ነገሌ እገባለሁ። ስደርስ ሰው አልመስልም። የሚያምረኝ አንድ ባልዲ ውሃና ድምፅ የሌለበት ክፍል ብቻ ነው። ስለዚህ ከግቢው ጫፍ፣ ከመንገዱም ከሌላው እንግዳም የራቀችውን ክፍል እይዛለሁ፤ ለእሷም ሙሉ ዋጋ እከፍላለሁ። አንዱ ደግሞ ሚስቱንና አንድ መንጋ ልጆቹን አስከትሎ ይገባል። ልጆቹ የውሃውን በርሜል ያሟጥጡታል፣ አልጋው ላይ ይዘላሉ፣ በተሰጣ አንሶላ ድብብቆሽ ይጫወታሉ፤ ጠዋት አባትየው ግማሽ ከፍሎ ተመርቆ ይሄዳል። ይህን እያዩ ዝም ማለት የጻድቃን ሥራ ነው፤ የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም።

ባለቤቲቱን እኔም እዚያ የሚያድሩት ሾፌሮችም የምንጠራቸው እትዬ ብለን ነው። ከጉራጌ አገር በሙሽርነት የመጡ ሴት ናቸው። ባለ ሱቅ ባላቸው በሞት ሲለዩዋቸው ሱቁን ሸጠው ግቢው ውስጥ ክፍሎች በረድፍ አሠሩ፤ ገንዘቡ ለግንብ ስላልበቃ ክፍል ከክፍል የሚለየው ቺፑድ ነው። አጭር ናቸው፣ ወፍራም ናቸው፣ ቁጣቸውም ሳቃቸውም ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ግቢው መሃል ካለው የኒም ዛፍ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ፣ ከየክፍሉ ብቅ የሚለውን ሁሉ «አካም ቡልቴ? እንዴት አደርሽ?» ይላሉ። ሌላው ሰው ይህን የሚለው ለሰላምታ ያህል ነው፤ እሳቸው ግን መልሱን ይፈልጉታል። «ደህና» ብሎ ማለፍ የለም። ትኋን ነበር ወይ? ሙቀቱ እንዴት ነበር? ትራሱስ ተመቸሽ? ለእንግዳ እንቅልፍ እንዲህ የሚጨነቅ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

አንድ ጠዋት አልቻልኩምና እዚያው ኒሙ ሥር ያዝኳቸው።

«እትዬ፣ ባል ማጣቴ አንሶ አንቱም ይቅጡኝ?»

«ማነው የቀጣሽ?»

«ይኸው ጽሑፉ ነዋ! እኔ ብቻዬን ገብቼ እንደ መነኩሴ አድሬ ወጣሁ። እነዚያ አልጋውን ሲሰብሩት አደሩ። እነሱ ግማሽ፣ እኔ ሙሉ። ፍርድ ነው ይሄ?»

እትዬ ሻያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ተኝተሽ አደርሽ?»

«ተኛሁ።»

«እሷስ?» አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ወደ በርሜሉ ስትሄድ በአገጫቸው አሳዩኝ። ዓይኗ ቀልቷል፤ ነጠላዋን ገልብጣ ነው የለበሰችው። «አንዱን ስታስተኛ ሌላው ይነሳባታል። እኔ አልጋ አልሸጥም፤ አልጋውማ ይኸው፣ ማንም ይዞት አይሄድም። የምሸጠው እንቅልፍ ነው። ግማሽ የተኛ ግማሽ ይከፍላል። አንቺ ሙሉ ተኝተሻል፣ ሙሉ ትከፍያለሽ። የቱ ጋ ነው የበደልኩሽ?»

መረታት ስለማልወድ ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ገበያ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ እየለካሁ በሐሳቤ ስከራከራቸው ዋልኩ፤ ሁሌም የሚረቱት እሳቸው ናቸው። ተናድጄም አደነቅኳቸው። ባለ ሆቴሉ ሁሉ ዋጋ የሚያወጣው በአልጋና በብርድ ልብስ ነው፤ ሰውየው ዓይኑን ይክደን አይክደን ጉዳዩ አይደለም። እሳቸው ግን ከቺፑዱ ወዲያ ያለችውን ሴት ድካም አይተው ዋጋውን ከዚያ ጀመሩት።

መልሱን ያገኘሁት በሚቀጥለው ጉዞዬ ነው። ክፍሌ ተይዛ ደረስኩና ከአንድ ቤተሰብ ጋር ቺፑድ ብቻ የሚለየኝ ክፍል ተሰጠኝ። የቤተሰቡ ሕፃን ጥርስ እያወጣ ነበር። የእሱ ጥርስ ሲወጣ፣ የእኔ ዓይን ሳይከደን ነጋ።

ጠዋት እትዬ «አካም ቡልቴ?» ሲሉኝ ፊታቸው ቆምኩ። «አልተኛሁም። እናቲቱ ግማሹን ተኝታለች፣ እኔ ጭራሽ። በአንቱ ሕግ ከሆነማ እንዲያውም ሊከፈለኝ ይገባል።»

ሌላ ባለ ሆቴል ቢሆን ሻንጣዬን ያወጣልኝ ነበር። እትዬ ትንሽ አሰቡና «እውነትሽን ነው» አሉ። «ግማሽ ክፈይ።» ነጋዴ ነኝ፤ ስንት ገበያ ዞሬያለሁ። በክርክር የተረታ ሰው ሳያኮርፍ፣ ሳያድበሰብስ «እውነትሽን ነው» ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ምን ያደርጋል፣ አጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩት ሾፌሮች ሰሙ። በማግስቱ ግቢው በሙሉ ያዛጋ ጀመር። ከሕፃን ጋር ግድግዳ የማይጋራው ሁሉ ዓይኑን እያሸ ይወጣል። ሲያንኮራፋ የግቢው ውሻ የሚሸሸው የሻኪሶ ወርቅ ገዢ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ መጣና «እትዬ፣ ያ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ሲያለቅስ አደረብኝ» አለ። ልጁ ግን በዋዜማው ጠዋት ከእናት አባቱ ጋር አውቶቡስ ተሳፍሮ ክብረ መንግሥት ገብቷል። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ለእትዬ ግን ነገሩ «ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» የሚባለው ሆነባቸው። ጽሑፉን ቢፍቁት የእናቶቹ ፊት አለ፤ ቢተዉት ከተማው በሙሉ እያዛጋ መምጣቱ ነው። ሻያቸውን እስከ መጨረሻው ጠጡ። ከዚያ ብድግ ብለው ለሁሉም እንዲሰማ ተናገሩ። «ከዛሬ ጀምሮ፣ አልተኛሁም ላለ አልቀንስም። ላባበለ ነው የምቀንሰው። ልጅ ሲያለቅስ ሰምቶ የያዘ፣ እናት ትሁን ሾፌር ይሁን፣ ግማሽ ይከፍላል። አልጋው ላይ ሆኖ የተነጫነጨ ሙሉ።»

«እኔ ልጅ መያዝ አላውቅም» አለ ወርቅ ገዢው።

«ወርቅ ትይዝ የለ? እንደዚያው ያዘው።»

ሰው ይስቅና ይረሳዋል ብዬ ነበር። አልተረሳም። ከዚያ ወዲያ ያንን ግቢ መሸት ሲል ያየ ሰው ምስክሬ ነው። በመንገድ ላይ አህያ ካልተነሳለት የሚሳደብ የአይሱዙ ሾፌር፣ ስሙን የማያውቀውን ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ኒሙን ሲዞር ታዩታላችሁ። አንዱ በአማርኛ እሹሩሩ ይላል፣ ሌላው በኦሮምኛ ያንጎራጉራል፤ ወርቅ ገዢው ዘፈን ስለማያውቅ የወርቅ ዋጋ በለሆሳስ ያወራላቸዋል፣ እነሱም ይተኙለታል። ልጅ ይዘው ሆስፒታል ሊታከሙ የመጡ ሴቶች፣ ጦር ሰፈር ያሉ ባሎቻቸውን ሊያዩ የመጡ ሚስቶች፣ ከስንት ቀን መንገድ በኋላ እግራቸውን ዘርግተው ዓይናቸውን ይከድናሉ። ከሁሉ የገረመኝ፣ እያደር ያባበሉት ሰዎች ቅናሹን መጠየቅ ተዉ። ጠዋት ሙሉውን ከፍለው «ልጁ ነቃ?» ብለው ይጠይቃሉ። አንዲት ሴት በአንድ ቃል ይህን ሁሉ ወንድ ሞግዚት አደረገችው። ጎበዝ ማለት ይህ ነው።

እኔ ብቻ ቀረሁ። ሕጉን በክርክሬ ያስለወጥኩ እኔ፣ አንድም ልጅ ሳልይዝ ከጫፏ ክፍል እየገባሁ እየወጣሁ ሙሉ ስከፍል ኖርኩ። ክብረ መንግሥት ትዳር ነበረኝ። ልጅ ጠብቀን አጣን፤ ባሌ ሌላ አገባና ወለደ። ከዚያ ወዲያ የሰው ልጅ ማቀፍ አቃተኝ። ማቀፉስ ባልከፋ፤ መልሶ መስጠቱ ነው የሚያመኝ። ያ የበሩ ጽሑፍ ስለ ዋጋ ይሁን ስለ ሌላ፣ እኔ ባነበብኩት ቁጥር የሚያነብበኝ እሱ ነበር። እትዬ ታሪኬን ያውቃሉ። ግቢው በልጅ ጩኸት ሲናወጥ እንኳ አንድ ቀን «ነይ ያዢ» ብለውኝ አያውቁም። ቁልፌን ይሰጡኛል፣ ሙሉ ዋጋቸውን ይቀበሉኛል፣ ነገሩን አያነሱብኝም። ስለዚያ ዝምታቸው ከማንም በላይ አከብራቸዋለሁ።

ዓመታት አለፉ፤ ነገሌም በባጃጅ ተሞላች። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከቆላው የመጣች አንዲት ሴት ትንሽ ልጇን ይዛ ወደ በርሜሉ ስትሄድ ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ወባ ነው። እትዬ ጮኸው ባጃጅ አስቆሙና ደግፈው አነሷት። ሾፌሮቹ ገበያ ናቸው፤ የክፍሌ በር ላይ የቆምኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሴትየዋ ግራ ቀኝ አየችና ልጅቷን እጄ ላይ አኖረቻት።

«ናፍ ቀቢ» አለችኝ፤ ያዢልኝ ማለቷ ነው።

እትዬ ከባጃጁ ውስጥ ዞረው አዩኝ። ለሌላ ሰው ስጫት ሊሉኝ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ መልሰው ዘጉት። ባጃጁ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ልጅቷ እናቷ በሄደችበት በኩል እጇን ዘርግታ አለቀሰች። እኔም ኒሙን መዞር ጀመርኩ። እሹሩሩ ብላትም አልሰማ አለች። ሲጨንቀኝ ክፍሌ አስገብቻት እቃዬን ፈታሁላት፤ ሻሾቹን ሁሉ አልጋው ላይ በተንኳቸው። ቢጫውን መረጠች። ራሷ ላይ ጣል አድርጋ በውስጡ አየችኝና ዝም አለች። ወተት አጠጣኋት፤ ደረቴ ላይ ተኛች። እንዳትነቃብኝ ብዬ ሳልንቀሳቀስ ቆየሁ፤ ቆይቼ እኔም ተኛሁ። ከባሌ ቤት ከወጣሁ ወዲህ እንደዚያ የተኛሁበትን ሌሊት አላስታውስም።

ጠዋት ልጅቷን አቅፌ ስወጣ እትዬ ተመልሰው ኒሙ ሥር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ያደሩት ከሴትየዋ አጠገብ ነው። «ትኩሳቱ ለቋታል፣ እየመጣች ነው» አሉ። ቀጥለው በዝግታ «አካም ቡልቴ?» አሉኝ።

«ደህና አደርኩ» ብዬ ዋጋዬን ዘረጋሁላቸው። ግማሹን መለሱልኝ።

«እትዬ፣ ተኝቻለሁ እኮ! ሙሉ ነው የተኛሁት። ሙሉውን ይውሰዱ።»

«እንቅልፍ የምጠይቀው ድሮ ነው» አሉ። «አንቺው ነሽ ያስለወጥሽኝ።»

በገዛ ክርክሬ ተረታሁ። «ልጅ ይዞ ለመጣ» ከሚለው ጽሑፍ ሥር፣ ልጅ ይዤ፣ ቆሜ አለቀስኩ። እትዬ አላባበሉኝም፤ ሻይ ቀዱልኝ። እናቲቱ ስትመጣ ልጅቷን ሰጠኋት፤ ሻሹንም ይዛው ሄደች። ያመኛል ብዬ የፈራሁት አመመኝ። ግን ሰው የሚችለው ሕመም ነው።

ቅናሹ ለሌላው እንግዳ ፍትሕ ነው ወይ ብትሉኝ፣ ዛሬም ሙሉ ልቤን አልሰጥም። ደክሞት መጥቶ፣ ማንንም ሳያስቸግር ተኝቶ፣ ሙሉ ከፍሎ ለሚሄደው ብቸኛ መንገደኛ አሁንም አዝናለሁ። እኔ እሱን ነበርኩ።

በሚቀጥለው ጉዞዬ እትዬ እንደ ልማዳቸው የጫፏን ክፍል ቁልፍ አወጡልኝ።

«አይ» አልኳቸው። «ከቤተሰቦቹ ክፍል አጠገብ ያለችውን ይስጡኝ፤ ቺፑዱ ጋ።»

ቁልፉን ይዘው ትንሽ አመነቱ። «ዛሬ ልጅ ይዞ የመጣ እንኳ የለም።»

«ይመጣል» አልኩና ገባሁ።