ያልወረደው የሆስፒታል መልእክት

ልጄ የልብ ቫልቭ ቀዶ ጥገና መጠበቅ ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ሆስፒታል ተራ ሲደርስ በኢሜይል ያሳውቃል፤ በሦስት ቀን ውስጥ «እንመጣለን» ካልተባለ ተራው ለሚቀጥለው ታማሚ ይሰጣል። ቅጹን ስሞላ በስልኬ የምከፍተው የግል አድራሻ ነበረኝ። እኔ ግን የመሥሪያ ቤቴን ጻፍኩ። የመንግሥት አድራሻ ሲያዩ ያከብሩናል ብዬ ነው። ያ አድራሻ ከቢሮው ኮምፒውተር ሌላ የትም አይከፈትም።

የምሠራው ሆሳዕና፣ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ለወረዳዎች የሚሄድ ደብዳቤ ሁሉ በእጄ ያልፋል። ማህተሙ ጥቁር ሆኖ ከታየ የዶዮገናም የዳምቦያም ወረዳዎች «ይሄ ኮፒ ነው» ብለው ይመልሱታል። ስለዚህ እያንዳንዱን በቀለም ስካን አድርጌ በኢሜይል እልካለሁ። አንዱንም አልሰርዝም። መዝገብ ቤት ደብዳቤ አይጥልም።

በዚያ ክረምት የኢሜይል ፕሮግራሙ መክበድ ጀመረ። ጠዋት ከፍቼው፣ ጸሎቴን ስጨርስ ገና ይዞራል። አንዳንዴ መስኮቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከአንድ ማክሰኞ ጀምሮ ጭራሽ አዲስ መልእክት አላወርድም አለ። ሐሙስ ማታ፣ ልጇ ከልጄ ጋር የምትታከም እናት ደወለችልኝ።

«ማክሰኞ ጻፉልን። እናንተም አብራችሁን ናችሁ አይደል?»

በዝርዝሩ ላይ እኛ ከእነሱ በፊት ነበርን። ዓርብ ጠዋት ሆስፒታሉ ጋ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ስልኩ አይነሳም። የቢሮውን የኮምፒውተር ባለሙያ ለምኜ አመጣሁት።

«ስንት ዓመት ነው ያልሰረዝሽው?»

«ከጀመርኩ።»

«ይሄ ፖስታ አይደለም እህቴ፣ ጎተራ ነው።»

የልጄን ነገር ነገርኩት። ሳቁን ትቶ ወንበር ሳበ። ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚነሱትን ተጨማሪ ነገሮች አጠፋ፤ ለውጥ የለም።

«በቀለም ስካን ያደረግሽው ሁሉ የተከማቸበት ፋይል ከአቅሙ በላይ ሆኗል። እንዲሁ ብነካው ሊበላሽ ይችላል። መጀመሪያ ሌላ ቦታ ልገልብጠው። አንቺ መብራት እንዳይሄድ ጸልዪ።»

«እየጸለይኩ ነው።»

መገልበጡ ምሳ ሰዓትን አለፈ። ውጭ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓድ ጀመረ። አንድ ጊዜ አምፖሉ ደበዘዘ። ተመለሰ። ያለፉትን ዓመታት ደብዳቤዎች ወደ ሌላ ፋይል አዛወራቸው። ከዚያ መልእክቶቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር። በስብሰባ ጥሪዎች መሀል የሆስፒታሉ ነበረበት። የማክሰኞ ነው። መልሱን እስከ ዓርብ ይጠይቃል።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። «እንመጣለን» ብዬ ጻፍኩ። ከወጪ ሳጥኑ አልወጣ ብሎ ቆየ፤ ከዚያ ሄደ። ቅዳሜና እሁድን እህል አልቀመስኩም። ሰኞ «ደርሶናል፣ ኑ» አሉን። ልጄ ቀዶ ጥገናው ተሠራላት። ዛሬ ደረጃ ስትወጣ አታርፍም፤ ጌታ ይመስገን።

ሆስፒታል ሳለን ከልጄ አጠገብ አንድ ትንሽ ልጅ ተኝቶ ነበር። አባቱ ከደስታው የተነሳ መቀመጥ አልቻለም።

«ተራችን እኮ ገና ነበር» አለኝ። «ከፊታችን የነበሩት መልስ አልሰጡም አሉ። እግዚአብሔር አሰበን።»

አሜን ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለኝ፤ የእነዚያም መልእክት እንደኔው ሳይወርድ ቀርቶ ይሆናል።