ለታተር የተጻፈ የድጋፍ ደብዳቤ

ፐርቪስ ቶሊቨር ከእኔ ቤት አጠገብ ሃያ ሁለት ዓመት ተከራይቶ ኖሯል። ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ሚስቱን አርሊንን የቀበረ፣ ከሰውነቱ ሁሉ ጉልበቶቹ ቀድመው ያረጁበት ሰው ነው። ቤት ውስጥ የቀረው ውሻው ብቻ ነበር። ውሻው ታተር ይባላል፤ በእኛ አካባቢ አነጋገር ድንች ማለት ነው። ፐርቪስ አንድ ቀን ጠዋት ከአውቶቡሱ ጎማ ሥር ተጠቅልሎ ሲያገኘው ክብና አፈር የለበሰ ነበርና ስሙ እዚያው ወጣለት።

ባለፈው የጸደይ ወር አከራዩ ሞተ፤ ልጆቹም ቤቱን ሸጡት። ገዢው እስከ ኦክቶበር መጨረሻ እንዲለቅ ጻፈለት። ፐርቪስ አልተከራከረም። ጡረታ ሲወጣ ካስቀመጣት ገንዘብ ላይ ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት ልግዛ አለ።

ቤት ጠፍቶ አይደለም። እዚህ ጆርጂያ ውስጥ ጥድ በተቆረጠበት ሁሉ አዲስ ሰፈር ይበቅላል። ግን አዲሱ ሰፈር ሁሉ የቤት ባለቤቶች ማኅበር አለው፤ ማኅበሩም እንደ መዝሙር መጽሐፍ የወፈረ ደንብ አለው። የሣሩን ቁመት፣ የበሩን ቀለም፣ የቆሻሻ ገንዳው ስንት ሰዓት ከመንገድ እንደሚነሳ ሁሉ ይወስናል። በገዛ ገንዘብህ የገዛኸው ቤት ቢሆንም ማኅበሩ ካልፈቀደ ውሻ ይዘህ አትገባም።

ደላላዋ ኬንድራ ትባላለች፤ ትሑት ልጅ ናት። እኔም አብሬ እሄድ ነበር፤ ፐርቪስ «ወጥ ቤት ማየት አላውቅም፣ እርስዎ ይዩልኝ» ስላለኝ። እኔና ታተር ከኋላ ወንበር እንቀመጣለን።

የመጀመሪያው ቤት ደስ የሚል ነበር። ኬንድራ ወረቀቷን ገለጠችና ፊቷ ተለወጠ።

«ውሻ ይፈቀዳል፣ ሚስተር ፐርቪስ። ክብደቱ እስከ ሃያ አምስት ፓውንድ ከሆነ።»

«ታተር ስልሳ ሁለት ነው።»

«አዎ፣ እሱ ነው ችግሩ።»

«ታዲያ የትኛውን ግማሹን ይዤ ልምጣ?»

ያን ቀን ሳቅን። በሚቀጥለው ሰፈር አጥር ማጠር ክልክል ነበር፤ ውሻ ደጅ ማሰርም ክልክል ነበር፤ ያለ ገመድ መልቀቅማ አይነሳም። ሌላ ቦታ ደግሞ ገና ቤቱን ሳናይ የሚሞላ ቅጽ ሰጡት። ሞልቶ ለኬንድራ ሰጣት። አነበበችውና ቀና አለች።

«ሚስተር ፐርቪስ፣ እዚህ ጋ የሚጠይቀው ዝርያውን ነው።»

«ጽፌያለሁ እኮ።»

«'ቡኒ' ነው የሚለው።»

«የኔ ልጅ፣ ከጎማ ሥር ነው ያወጣሁት። እናትና አባቱን አላስተዋወቀኝም።»

ማኅበሩ ዝርያው ያልታወቀ ውሻ አንቀበልም አለ።

በጁን ወር ቤት ልናይ ስንወጣ ፐርቪስ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጫማውን ጠርጎ ነበር የሚመጣው። በኦገስት መተኮሱን ተወ። ሴፕቴምበር ሲገባ ከመኪናው መውረድም ትቶ ነበር፤ መስኮቱን ዝቅ ያደርግና «ግቢና መጀመሪያ ስለ ውሻው ጠይቂ» ይላታል። እሷ ገብታ ትወጣለች፤ ከአረማመዷ እንረዳለን። እሱም የተቀቀለ ለውዙን ይፈለፍላል፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ወደ ኋላ ለታተር።

አንድ ቀን ኬንድራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ውሻውን የሚወስድልዎት ዘመድ የለም?» አለችው።

«አለኝ አንድ ዘመድ» አለ ፐርቪስ። «ኋላ ወንበር ላይ ተኝቷል።»

ከዚያ በኋላ ደግማ አልጠየቀችውም።

ኦክቶበር ሊገባ ሲል ሴዳር ሆሎው በሚባል፣ በር ባለው የመኖሪያ ግቢ ውስጥ አንዲት ቤት አገኘችለት። ቤቷ ደረጃ የላትም፤ በሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ወጥ ቤቷንም አይቼ ወድጃታለሁ። ውሻ አንድ እስከሆነ ድረስ ክብደቱም ዝርያውም አይጠየቅም። ግን ጸጥታ ይወዳሉ። ሁለት ጎረቤቶች ስለ ውሻው ጠባይ የድጋፍ ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ከዚያ ውሻው ራሱ ኮሚቴው ፊት ይቀርባል። የሚጮህ ውሻ አይገባም።

አንዱን ደብዳቤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎረቤታችን ቶሎ ጻፈለት። ሁለተኛው የእኔ ነበር። ፐርቪስ ማታ መጥቶ ደጃፌ ላይ ካለው ወንበር ተቀመጠ።

«ሚስ ዩላ፣ 'አይጮህም' ብለው ይጻፉልኝ።»

«ይጮሃል እኮ፣ ፐርቪስ።»

«በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ።»

«ሁለት ጊዜ መጮህ መጮህ አይደለም?»

«ሌላ ውሻ ፖስተኛ ላይ ይጮሃል፣ ድመት ላይ ይጮሃል፣ ቅጠል ላይ ይጮሃል። የኔ ምን በደለ?»

እውነቱን ነው። ታተር የሚጮኸው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲያልፍ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት ከሹፌሩ ወንበር ኋላ ተኝቶ አብሮት ሠርቷል። መሥሪያ ቤቱ ከልክሎ ነበር፤ ግን ሁሉም እያወቀ እንዳላየ ያልፍ ነበር። ልጆቹ ሲገቡ ጭንቅላቱን ይዳብሱታል፤ ሲወርዱም ይዳብሱታል። ፐርቪስ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያው አውቶቡስ ጠዋትና ከሰዓት በእኛ መንገድ ያልፋል፣ በሩ ግን አይከፈትለትም። ታተር ታዲያ ረስተውት የሚሄዱ ይመስለዋል። አውቶቡሱ ኩርባውን እስኪታጠፍ ይጮሃል።

«የምሄድበት የለኝም፣ ሚስ ዩላ» አለ ፐርቪስ። «አራት ሳምንት ነው የቀረኝ። ይቺም ካልሆነች እሱን ለውሻ መጠለያ ልሰጠው ነው። አሥር ዓመቱ ነው። አሥር ዓመት የሞላውን ውሻ ከመጠለያ ማን ያወጣዋል?»

እኔ ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ያን ያህል በደከምኩበት ፊደል ውሸት መጻፍ እጄ እንቢ አለኝ። ሦስት ቀን ወረቀቱን ሳነሳና ሳስቀምጥ ቆየሁ። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ታተርን አሥር ዓመት አውቀዋለሁ። ሰው ነክሶ፣ አበባዬን ቆፍሮ አያውቅም። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩልና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሲያይ ይጮሃል፤ ተሳፋሪ ነበርና። ከዚህ ሌላ ሲጮህ አልሰማሁም።»

ለፐርቪስ አነበብኩለት። «ይሁን» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ያን ሌሊት ሁለቱንም በድያቸው ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የቀጠሮው ቀን እኔም አብሬ ሄድኩ፤ ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ሃልስቴድ ይባላሉ፤ መነጽራቸው በገመድ አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ፣ ንጹሕ ሴት ናቸው። ታተር ምንጣፋቸው ላይ ተዘርግቶ አንቀላፋ። ደብዳቤዬን ጮክ ብለው አነበቡት። ፐርቪስ ዓይኑን ከጫማው አላነሳም።

ወይዘሮዋ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ሳቁ። «አቶ ቶሊቨር፣ ይሄማ እኛን አያሳስበንም። እዚህ ግቢ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ገብቶ አያውቅም። ከሃምሳ አምስት ዓመት በታች ሰው አይኖርም።»

«ልጅ ጭራሽ የለም?»

«ለጥየቃ ይመጣሉ እንጂ። በዓመት እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈቀዳል።»

ፐርቪስ በመስኮቱ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ሣሩ እኩል ተቆርጧል። አንድም ብስክሌት አልወደቀም፤ አንድም ኳስ የለም።

«ጸጥ ያለ ነው» አለ።

«እኛም የምንኮራው በዚሁ ነው» አሉና ወረቀቱን ገፋ አደረጉለት።

ብዕሩን አነሳ። ከዚያ ወደ ታተር ጎንበስ ብሎ አየና ፈረመ።

መኪናው ውስጥ «ደስ አላለህም?» አልኩት።

«ደክሞኛል፣ ሚስ ዩላ። ደስታው ነገ ይደርስ ይሆናል።»

በኖቬምበር የልጅ ልጄ በመኪናዋ ወደ ፐርቪስ ልትወስደኝ መጣች፤ የዱባ ፓይ ጋግሬ ልጠይቀው ሄድኩ። የግቢው በር ጋ ሳንደርስ አሮጌው መኪናው ከዋናው መንገድ ዳር ቆሞ አየሁት። አቁሚ አልኳት። ፐርቪስ መሪውን ተደግፎ ተቀምጧል፤ ታተር ከጎኑ ጭንቅላቱን በመስኮት አውጥቷል።

«ምነው፣ ቤት ጠፋህ እንዴ?»

«አልጠፋኝም፣ እዚያው አለች። ቤቷ ጥሩ ናት።» ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። «መጀመሪያ ሰሞን የአውቶቡሱ ሰዓት ሲደርስ ታተር በሩ ላይ ይቆማል። ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ምንም የለም። ከዚያ ምግቡን ተወ።»

«አንተስ?»

«እኔማ እበላለሁ» አለ፤ ግን ሸሚዙ አንገቱ ላይ ሰፍቶት ነበር።

የትምህርት ቤት አውቶቡስ ከዳገቱ ብቅ አለ። ታተር ገና ሲያየው መጮህ ጀመረ፤ መኪናው እስኪነቃነቅ ጮኸ። አንድ ልጅ ከኋላ መስኮት እጁን አውለበለበ፤ ለኛ ይሁን ለሌላ ሰው አላውቅም። አውቶቡሱ አልቆመም። ኩርባውን ሲታጠፍ ታተር ዝም አለ፤ ዞሮ ወንበሩ ላይ ተኛ።

«ከበሩ ውጭ ደንቡ አይደርስብንም» አለ ፐርቪስ።

«ታዲያ በየቀኑ ልትመጣ ነው? በዚህ ጉልበትህ?»

«ቅዳሜና እሑድ እናርፋለን» አለኝ።